ቋሚ፣ ኮንትራት፣ ድርጅት ወይስ ማኅበር? በጎጃም ከተሞች የጽዳት ሥራ ለሚጀምሩ ሰዎች የንጽጽር መመሪያ

እናቴ በምሥራቅ ጎጃም በምትገኝ አንዲት ከተማ 17 ዓመት መንገድ ጠርጋለች። የመጀመሪያዎቹን 4 ዓመታት በቀን ሠራተኛነት፣ ቀጣዮቹን 4 ዓመታት በየ6 ወሩ በሚታደስ ኮንትራት፣ የመጨረሻዎቹን 9 ዓመታት ደግሞ በቋሚነት ሠራች። 60 ዓመት ሲሞላት ወረቀቶቿን በፌስታል ጠቅልላ፣ እኔን አስከትላ የጡረታ ጉዳይዋን ልታስፈጽም ሄደች። ጉዳዩን የያዘው ወጣት ማኅደሯን ሁለት ጊዜ አገላብጦ ካየ በኋላ ቀና ብሎ “እማማ፣ መንገዱን የጠረጉት 17 ዓመት ነው፤ ማኅደሩ የሚያውቀው ግን 9ኙን ብቻ ነው” አላት። በትሕትና ነበር የተናገረው። ወር በወር አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ያስፈልጋል፤ እሷን አንድ ዓመት ጎደላት። አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈለውን ዳረጎት ተቀብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ሙያዬ ሒሳብ ነው፤ ለትናንሽ ድርጅቶች የደመወዝ መክፈያ ሰነድ እሠራለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የጽዳት ሥራ ሊጀምር ያሰበ ዘመድም ጎረቤትም እየመጣ “የቱ ይሻለኛል?” ይለኛል። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ሞጣ፣ ዳንግላ፣ የትም ከተማ ቢሆን በጽዳት ሥራ የሚገባባቸው በሮች ያው አራት አምስት ናቸው። በሮቹ ግን ወደ ተለያየ እርጅና ነው የሚያስገቡት። ለእነዚያ ሁሉ አንድ በአንድ የነገርኳቸውን እዚህ ሰብስቤ ጽፌዋለሁ።

በቅድሚያ መመዘኛዎቹ

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ደመወዙን ነው። የደሃ ጥያቄ ስለሆነ አልወቅሰውም። ሆኖም ሁለት የሥራ ቦታዎችን ሲያነጻጽሩ በዚህ ቅደም ተከተል ቢመዝኑ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንደኛው መመዘኛ ዛሬ የምሠራው ቀን በጡረታ ይቆጠራል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ፈረቃው ከቤቴና ከጉልበቴ ጋር ይሄዳል ወይ፣ ሦስተኛው አገልግሎቴ ሲረዝም የሚጨመርልኝ ነገር አለ ወይ፣ አራተኛው ብጎዳ ወይም ብታመም የሚያሳክመኝ ማነው የሚል ነው። ደመወዙ አምስተኛ ይምጣ። ደመወዙ ከአምስቱ የመጨረሻ መሆኑ ካስከፋዎት አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ዝቅተኛ ደመወዝ ሲከፋ ሥራ ይለወጣል፣ ከባድ ፈረቃ ሲያስመርር ተለምኖ ይቀየራል፣ ሳይቆጠር ያለፈ ዓመት ግን በምንም ልመና አይመለስም።

የጡረታው ሒሳብ

የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ይመራል። ሁለቱም በመዋጮው እኩል ናቸው፦ ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ሁለቱም ጋ የጡረታ መውጫው ዕድሜ 60 ነው።

አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። 10 ዓመት ያገለገለ የዚህን አማካይ 30 በመቶ ያገኛል። ከ10 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከላል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

በቁጥር እንየው። ለመንግሥት ሠራተኛ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው ደመወዝ 6,000 ብር ነው፤ በ2017 ዓ.ም. 4,760 ብር ነበር። በ6,000 ብር ላይ ከሠራተኛዋ 420 ብር ይቆረጣል፣ አሠሪው 660 ብር ይጨምራል፤ በስሟ በወር 1,080 ብር ገቢ ይሆናል ማለት ነው። የሦስት ዓመት አማካይዋ 6,000 ብር ሆኖ በ10 ዓመት ብትወጣ የወር አበሏ 1,800 ብር፣ በ20 ዓመት 2,550 ብር፣ በ30 ዓመት 3,300 ብር ይሆናል። 9 ዓመት ከሆነ ግን ወርኃዊ አበል የለም። በ9 እና በ10 መካከል ያለው ገደል ይህን ያህል ነው።

ጡረታው የራስ ብቻም አይደለም። ባለ ጡረታው ሲያርፍ የትዳር ጓደኛው የአበሉን 50 በመቶ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ያገኛል። ልጆቿን ብቻዋን ለምታሳድግ እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ሲቀጠሩ የሕይወት ታሪክ ቅጽ ሲሞላ የልጆች ስም አንድም ሳይቀር ይመዝገብ።

እዚያው ቅጽ ላይ ብዙ ሰው ሳያስበው የሚያልፈው ሌላ መስመር አለ፦ የትውልድ ዘመን። ከገጠር የመጣ ሰው ዕድሜውን በግምት ይናገራል፤ “በድርቁ ዓመት”፣ “ደርግ በገባ በሁለተኛው ክረምት” ይላል። ጸሐፊው አንድ ቁጥር ይጽፋል። ለጡረታ የሚሠራው ታዲያ መጀመሪያ ሲቀጠሩ የተመዘገበው ዕድሜ ነው፤ በኋላ የሚቀርብ የክርስትና ወረቀትም የፍርድ ቤት ማስረጃም አይለውጠውም። አምስት ዓመት ተጨምሮ የተጻፈበት ሰው የአምስት ዓመት አገልግሎት ተቀንሶበታል ማለት ነው። ከመፈረም በፊት ቁጥሩን ያስነብቡ።

በመልካም ጎኑ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተቆጠረ አገልግሎትና በግል ድርጅት የተቆጠረ አገልግሎት ይደመራሉ። አራት ዓመት በድርጅት፣ ስድስት ዓመት በማዘጋጃ ቤት የሠራ ሰው አሥሩን ሞልቷል። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አያስፈራም። የሚያስፈራው በመሃል የሚገባው ያልተቆጠረ ጊዜ ነው።

አንደኛው በር፦ የማዘጋጃ ቤት ቋሚ ቅጥር

ጡረታው ከመጀመሪያው ቀን ይቆጠራል፣ ደመወዙ በወር መጨረሻ ይገባል፣ ሲታመሙ ፈቃድ አለ፣ ዓመት ፈቃዱ በመንግሥት መሥሪያ ቤት አሠራር ከ20 የሥራ ቀን ጀምሮ እያደገ ይሄዳል። የሙከራ ጊዜው 6 ወር ነው። በደረጃው ውስጥ የደመወዝ እርከን በየሁለት ዓመቱ የሥራ አፈጻጸም እየታየ ይጨመራል፤ በጀት ሲያጥር የሚዘገይበት ጊዜ መኖሩን ግን ይያዙ።

እድገትን በተመለከተ እውነቱን መናገር ይሻላል። ብዙ አዲስ ሠራተኞች “አሥር ዓመት ከሠራሁ አስተባባሪ እሆናለሁ” ብለው ያስባሉ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የአገልግሎት ዘመን ብቻውን ወደ ላይኛው መደብ አያወጣም፤ መደቡ ክፍት መሆን አለበት፣ ማስታወቂያ ይወጣል፣ የትምህርት ደረጃ ይጠየቃል። 20 ዓመት የጠረገች ሴት 8ኛ ክፍል ባለመጨረሷ ብቻ ትናንት የመጣ ልጅ አለቃዋ ሲሆን አይቻለሁ። ስለዚህ ቋሚ ቅጥር ላገኘ ወጣት የመጀመሪያ ምክሬ የማታ ትምህርት መመዝገብ ነው። የንጋት ፈረቃ ላይ ያለ ሰው ከሰዓት በኋላው የእሱ ነው፤ መማሪያ ሰዓት ይተርፈዋል።

የዚህ በር ችግር ጠባብነቱ ነው። ቋሚ መደብ የሚከፈተው በጀት ሲፈቀድ ብቻ ነው። ተጠባብቆ የሚገኝ እንጂ ፈልጎ የሚያዝ ሥራ አይደለም፤ ማስታወቂያ ሰሌዳውን በየሳምንቱ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው በር፦ የማዘጋጃ ቤት ኮንትራትና የቀን ሠራተኛነት

እናቴ የገባችበት በር ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የማዘጋጃ ቤት ዩኒፎርም ይለበሳል፣ በማዘጋጃ ቤት መኪና ይሄዳል፣ አለቃውም ያው ነው። ሰው “የመንግሥት ሠራተኛ ሆንኩ” ይላል። ይሁን እንጂ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ የሚሸፍነው በቋሚነት የተቀጠረውን ነው። ኮንትራቱ ስምንት ጊዜ ቢታደስም ስምንቱ እድሳት ተደምሮ አንድ የጡረታ ዓመት አይወጣውም።

በደመወዝ መክፈያው ላይ ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። የእናቴን የኮንትራት ዘመን ወረቀቶች ቆይቼ ሳገላብጥ በሰንጠረዡ ላይ “ጡረታ 7%” የሚል ዓምድ ታትሟል፤ በእሷ ስም ትይዩ ያለው ሳጥን ከመስከረም እስከ ነሐሴ በሰረዝ ተሞልቷል። ሰረዙን በየወሩ አይታ ነበር። ያልተቆረጠባት መስሏት ደስ ይላት ነበር፤ በዚያ ጊዜ ያ ገንዘብ ሁለት ኪሎ ስኳር ይገዛ ነበርና። ያ ሰረዝ ምን እንደሆነ የነገራት ሰው አልነበረም።

ይህ በር ፈጽሞ አይገባበትም ማለቴ አይደለም። ቋሚ መደብ ሲከፈት ሥራውን የሚያውቅ ሰው ልምዱ ይያዝለታል፤ ስለዚህ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት መሸጋገሪያ ይሆናል። ዕድሜው ገና ለሆነ ሰው የሚታገሡት ነው። 45 ዓመት ላለፈው ሰው ግን እያንዳንዱ የኮንትራት ዓመት ከአሥሩ ላይ ይበላበታል። ኮንትራት በፈረሙ ቁጥር ግልባጩን ይያዙ፤ ሲለቁ የሥራ ልምድ ማስረጃ ይጠይቁ።

ሦስተኛው በር፦ የግል ድርጅት

ባሕር ዳር የቤት ለቤት ቆሻሻ ማንሳትን ለግል ድርጅት ከሰጡ ቀደምት የአገራችን ከተሞች አንዷ ናት። ሌሎች ከተሞችም ሆቴሎችን፣ ባንኮችን፣ ዩኒቨርሲቲዎችን በጽዳት ድርጅቶች ያስጠርጋሉ። እዚህ የሚሠራው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ ብዙ ሠራተኛ የማያውቃቸው ጠንካራ መብቶች አሉት።

ዋናው ይህ ነው፦ በግል ድርጅት ለተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሰውም ቢሆን ቅጥሩ ከ45 ቀን ካላነሰ በጡረታ ይሸፈናል። እንግዲህ የማዘጋጃ ቤት ኮንትራትና የድርጅት ኮንትራት ሲነጻጸሩ በጡረታ በኩል የድርጅቱ ይበልጣል። ይህን ስነግራቸው የማያምኑኝ ብዙ ናቸው። “መንግሥት ይሻላል” የሚለው አባባል ለቋሚው ትክክል ነው፤ ለኮንትራቱ ግን አይሠራም።

የሥራ ሰዓቱ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 መብለጥ የለበትም። የሙከራ ጊዜው 60 የሥራ ቀን ነው። ዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከነደመወዙ ነው። ሕመም ሲያጋጥም የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈላል፤ ሦስቱ ተከታይ ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ሠራተኛ የሚቀነስ ከሆነ ደግሞ እኩል ችሎታና ምርታማነት ካላቸው መካከል ቅድሚያ የሚነካው አገልግሎቱ አጭር የሆነው ነው። የአገልግሎት ዘመን እዚህ ላይ እንደ ጋሻ ያገለግላል።

ድርጅት ጋ ሁለት አደጋዎች አሉ። የመጀመሪያው ደመወዙ ነው፤ በአገራችን ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እስካሁን ስለሌለ ድርጅቱ ከሠራተኛው ጋር የተስማማበትን ይከፍላል። ዛሬ ትንሽ የሆነ ደመወዝ ነገም ትንሽ አበል ይሆናል። ሁለተኛው ይብሳል፦ 7 በመቶውን ከደመወዝ ቆርጦ ገቢ የማያደርግ አሠሪ አለ። አንድ የማውቀው ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ሲቆረጥበት ቆይቶ ስሙ ጭራሽ ያልተመዘገበ ሆኖ አግኝቶታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከተቀጠሩ በሁለተኛው ወር የጡረታ መለያ ቁጥርዎን ይጠይቁ፤ ቁጥሩ ከሌለ ምዝገባ የለም። ቁጥሩን ይዘው በዓመት አንድ ጊዜ በአቅራቢያዎ ባለ የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ቅርንጫፍ ያረጋግጡ።

ድርጅቱ ከከተማው ወይም ከባንኩ ጋር ያለው ውል ሲያልቅ ሌላ ድርጅት ይገባል። ሠራተኞቹ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራሉ፤ አሠሪያቸው ብቻ ይለወጣል። በዚያ ቀን የመልቀቂያ ደብዳቤና የሥራ ልምድ ሳይቀበሉ የአዲሱን ውል አይፈርሙ።

አራተኛው በር፦ ማኅበር

ከአምስት እስከ አሥር ሰው ተደራጅቶ፣ የእጅ ጋሪ ወይም ባጃጅ ይዞ፣ ቤት ለቤት ቆሻሻ ሰብስቦ ወደ ገንዳ የሚያደርስ ማኅበር በየከተማው አለ። ገቢው ከአባወራው በወር ከሚሰበሰበው ወይም ከተማው በመጠን ከሚከፍለው ነው። ጎበዝ ማኅበር ፕላስቲክ ጠርሙሱንና ብረቱን ለይቶ ይሸጣል፣ የሚበሰብሰውን ኮምፖስት ያደርጋል። ፍኖተ ሰላም በሸንኮራ ወቅት የልጣጩን ክምር ላየ ሰው ይህ ገንዘብ የሚሆን ነገር መሆኑ ይገባዋል።

ፈረቃውን አባላቱ ራሳቸው ይወስናሉ፤ ማኅበር ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥበት ነገር ይህ ነው። ሰንበት ማስቀደስ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ፣ በመኸር ገጠር ወርዶ ቤተሰብ መርዳት ይቻላል። ለጡረታ ግን ራሱ አሠሪ ራሱ ሠራተኛ ስለሆነ አዋጁ አያስገድደውም፤ በፈቃዱ ካልገባ በስተቀር የሚቆጥርለት የለም። የማውቃቸው ማኅበራት ሁሉ “ትርፉ ሲጨምር እንገባለን” ይላሉ። ትርፉ ጨምሮ የገቡ ግን አላየሁም። ማኅበሩ በራሱ ሰው ቀጥሮ የሚያሠራ ከሆነ እሱ አሠሪ ነው፤ ለተቀጠረው ሰው ጡረታ መክፈል አለበት።

የማኅበር አባል የሆነ ሰው ቢያንስ ሁለት ነገር ያድርግ። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል ይሁን፤ የተዘጋጀው መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ሰው ነው። ደግሞም ከወር ድርሻው ላይ እንደ ጡረታ መዋጮ ቆጥሮ ሳይነካ የሚያስቀምጠው ገንዘብ ይኑረው። እቁብ ይህን አይተካም፤ እቁብ ለበግና ለቆርቆሮ ነው።

ከአራቱ በሮች ሌላ፣ ደሃ ቤተሰቦችን የሚደግፈው የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በሚካሄድባቸው ቦታዎች መንገድ ማጽዳት ከማኅበረሰብ ሥራዎቹ አንዱ ነው። ሥራው በቀን አጭር ነው፣ ከክፍያው የተወሰነው ይቆጠባል፣ ጊዜውም የተወሰነ ነው። ቅጥር ስላልሆነ ጡረታም የአገልግሎት ዘመንም የለውም። ቁጠባውን ይዞ ወደ ሌላ በር መሸጋገሪያ አድርጎ መያዝ ይበጃል።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| መመዘኛ | ቋሚ (ማዘጋጃ ቤት) | ኮንትራት፣ ቀን ሠራተኛ (ማዘጋጃ ቤት) | የግል ድርጅት | ማኅበር |
|---|---|---|---|---|
| ጡረታ | ከመጀመሪያው ቀን ይቆጠራል | አይቆጠርም | ቅጥሩ ከ45 ቀን ካላነሰ ይቆጠራል፤ ገቢ መደረጉ ይረጋገጥ | በፈቃድ ካልገቡ አይቆጠርም |
| የሙከራ ጊዜ | 6 ወር | በውሉ | 60 የሥራ ቀን | የለም |
| ፈረቃ | የጸና፣ በብዛት ንጋት | አለቃው እንዳዘዘ | በቀን እስከ 8 ሰዓት፤ የሌሊትም አለ | አባላት ይወስናሉ |
| የአገልግሎት ዘመን ጥቅም | እርከን፣ የዓመት ፈቃድ ጭማሪ | ለውድድር ልምድ ብቻ | የዓመት ፈቃድ ጭማሪ፣ በቅነሳ ጊዜ ከለላ | የለም |
| የገቢ መጠን | መካከለኛና አስተማማኝ | ዝቅተኛ | ከድርጅት ድርጅት ይለያያል | ይዋዥቃል፣ ጥሩ ወርም አለው |
| ጉዳት ሲደርስ | ሕጉ ይሸፍናል | ውሉን ማየት | አሠሪው ያሳክማል | በራስ፣ በጤና መድን |

ስለ ፈረቃ

በጽዳት ሥራ ሦስት ዓይነት ፈረቃ አለ፦ የንጋት፣ የቀንና የሌሊት።

የንጋቱ ከለሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ይጀምርና ረፋድ ላይ ያልቃል። መንገዱ ጭር ያለ ስለሆነ መጥረጊያው ይሄዳል፣ አቧራው ሰው ላይ አይነሳም። ነገር ግን ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋቷ አጥንት ይሰብራል። ባሕር ዳር ከእሷ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ንጋቱ የሚወደደው እዚያ ነው። እናቴ በብርዱ ጊዜ በጓንቷ ውስጥ አሮጌ ካልሲ ታደርግ ነበር፤ ጓንት የተሰጣት ዓመት ማለቴ ነው። ባልተሰጣት ዓመት የመጥረጊያው ዘንግ ላይ ጨርቅ ትጠመጥም ነበር። ጣቶቿ ዛሬም እስከ መጨረሻው አይዘረጉም።

የንጋት ፈረቃ ትልቁ ጥያቄ መንገዱ ነው። ባጃጅ በዚያ ሰዓት የለም። ሰዓት እላፊ በሚታወጅበት ጊዜ ደግሞ ከንጋቱ በፊት መውጣት ራሱ አደጋ ነው። ስለዚህ ሲቀጠሩ ሰርቪስ አለ ወይ፣ ከሌለ ለሰፈርዎ ቅርብ የሆነ መስመር ይመደብልኛል ወይ ብለው ይጠይቁ፤ የሰዓት እላፊ ለውጥ ሲኖር የመግቢያ ሰዓቱ አብሮ እንዲለወጥ አስተባባሪውን በጽሑፍ ያስታውቁ። መታወቂያ ሁልጊዜ ከላይኛው ኪስ ይሁን።

የቀን ፈረቃ በገበያ ሰፈርና በገንዳ ዙሪያ ነው። ፀሐይ፣ መኪና፣ የሰው ግፊያ አለ። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ግን ከንጋቱ ይሻላል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንድትሠራ አትደረግም፤ የትርፍ ሰዓት ሥራም አትሠራም።

የሌሊት ፈረቃ በብዛት የመኪና ጫኞች ነው። እዚህ ላይ ገንዘቡን በትክክል ማወቅ ይገባል። በግል ድርጅት ከመደበኛው 8 ሰዓት በላይ የሚሠራ ሥራ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። በበዓል ቀን የሚሠራው መደበኛው ሰዓት ራሱም እጥፍ ይከፈላል። ልብ ይበሉ፤ መደበኛው ፈረቃ ሌሊት ላይ ስለዋለ ብቻ ትርፍ ሰዓት አይባልም።

ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሰው ለ26 ቀንና ለ8 ሰዓት ሲካፈል ሰዓቱ 28.85 ብር ገደማ ይመጣል። የሌሊት ትርፍ ሰዓቱ 50 ብር ከምናምን፣ የፋሲካ ቀን 8 ሰዓት ደግሞ 461 ብር ገደማ ነው። በጎጃም ከፋሲካ፣ ከመስቀልና ከጥምቀት ማግሥት ያለውን ቆሻሻ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የበግ አንጀቱ፣ ቄጠማው፣ የችቦው አመድ። በዚያ ቀን የሠራ ሰው የፈረመበትን ሰዓት በራሱ ደብተር ይጻፍ። በማዘጋጃ ቤት ግን ለትርፍ ሰዓት በገንዘብ ፋንታ ምትክ ዕረፍት ሊሰጥ ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ ቀድሞ መጠየቅ ነው።

ለማን የትኛው?

ዕድሜዎ ከ45 እስከ 50 ከሆነ ጊዜ የለዎትም። ቋሚ ቅጥር ከተገኘ ይግቡ፤ ካልተገኘ ጡረታ ወደሚያስገባ የግል ድርጅት ዛሬውኑ ይግቡ፣ ደመወዙ ከማዘጋጃ ቤቱ ኮንትራት በ500 ብር ቢያንስም። ቆየት ብሎ ቋሚ ሲገኝ ድርጅት ጋ የተቆጠረው ይደመራል። ከ50 ካለፉ አሥሩ ዓመት ስለማይሞላ፣ ቀደም ሲል በሌላ ቦታ የተቆጠረ አገልግሎት ከሌለዎት በቀር ጡረታን ዋና መመዘኛ ማድረጉ ብዙም አይጠቅምዎትም፤ የተሻለ ገቢና ቀላል ፈረቃ ያለውን ይምረጡ። በወጣትነትዎ ወታደር ወይም ፋብሪካ ሠራተኛ ከነበሩ ግን ያ አገልግሎት እንዳለ ይጠይቁ፤ የተረሳ አምስት ዓመት ያገኘች ሴት አውቃለሁ።

ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ሁለት ዓመት ማኅበር ውስጥ ሠርቶ መነሻ ገንዘብ ቢይዝ አይጎዳውም፤ ከፊቱ 35 ዓመት አለው። ሁለቱ ዓመት ግን አሥር እንዳይሆኑ መውጫውን ገና ሲገባ ይወስን።

ትንንሽ ልጆች ላሏት እናት፣ ጠዋት ልጅ የሚያበላላት ሰው ካለ የንጋት ፈረቃ ያለው ቋሚ ሥራ ምርጥ ነው፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቤት ናት። ሰው ከሌላት ለጊዜው ማኅበር ወይም የባንክና የቢሮ ጽዳት የቀን ፈረቃ ይሻላታል። ሕንፃ ውስጥ የሚጸዳ ሥራ ለጀርባና ለሳንባም ይቀላል።

ዛሬ የሚበላው የሌለው ሰው የቀን ሠራተኛነቱን ይያዝ። ይህን ማንም ሊያሳፍረው አይገባም። በዚያው ሳምንት ግን ለሌሎቹ በሮች ማመልከቻውን ያስገባ።

ከመፈረም በፊት

የቅጥር ደብዳቤው ላይ “ቋሚ” ወይም “ላልተወሰነ ጊዜ” የሚል ቃል መኖሩን፣ ደመወዙ ጥቅል ነው ወይስ መነሻ የሚለውን፣ የሥራ ልብስ፣ ቦት ጫማ፣ ጓንትና የዝናብ ልብስ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ይጠይቁ። ማንበብ ለማይችል ሰው የሚያምነው ሰው ያንብብለት፤ አውራ ጣት ከማሳረፍ በፊት ግማሽ ሰዓት መጠየቅ ነውር አይደለም።

የደብዳቤው፣ የውሉ፣ የሕይወት ታሪክ ቅጹና የጡረታ መለያ ቁጥሩ ግልባጭ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፦ አንዱ ቤት፣ አንዱ ዘመድ ጋ። ባለፈው ሰኔ የጎረቤታችን ልጅ ቡሬ በአንድ የጽዳት ድርጅት ተቀጥራ፣ ውሏን ልታሳየኝ መጣች። እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ልጅቷ ደመወዙን ስትነግረን እናቴ ቀና ሳትል “የኔ ልጅ፣ ቁጥሩስ?” አለቻት። ልጅቷ ቁጥሩ ምን እንደሆነ አላወቀችም። በማግሥቱ ጠይቃ በደብተሯ ጽፋ አመጣችው።